ካርታው በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ በአማርኛ ይወድቃል (የሎክ ነገር ሳይሆን አይቀርም)

ጣና_ዳር

ሰላም ሁላችሁም። ባሕር ዳር ሆነን የምንሠራትን የካርታ ላይብረሪ አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ። በሲፕላስፕላስ 17 የተጻፈች ናት፣ የምትስለው በኦፕንጂኤል (በጂፒዩ፣ ማለትም በግራፊክስ ፕሮሰሰሩ፣ መሳያ) ነው። አንድ የሥዕል ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) አላት። ከኋላ ደግሞ የካርታ ቁራጮችን ከዲስክ የሚያነቡና የቦታ ስሞችን የሚያዘጋጁ ሠራተኛ ትሬዶች አሉ።

ችግሩ እንዲህ ነው። የቦታ ስሞቹ እንግሊዝኛ ሲሆኑ ቀኑን ሙሉ ብትጎትቱት ምንም አይልም። አማርኛ ስናደርጋቸው ግን ጉድ ይፈላል። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ አድርጋችሁ ወደ ደጀን ስትወርዱ መንገድ ላይ ይወድቃል። አንዳንዴ ፍኖተ ሰላም ላይ፣ አንዳንዴ ደምበጫ ላይ። ሳይወድቅ ቀጥ የሚልበትም ጊዜ አለ። መስኮቱ ይታያል፣ ካርታው ይታያል፣ ግን ንቅንቅ የለም።

ፎንቱ ነው ብለን ፎንት ቀየርን፤ ያው ነው። ኮዱ ደግሞ ሎክ (ሁለት ትሬዶች አንድ ዳታ ላይ አብረው እንዳይገቡ የሚያደርግ ቁልፍ) አልጎደለውም፣ እንዲያውም በየቦታው ሎክ ነው። ከየት ልጀምር?

ነገረኛው_ከቡሬ

ቡሬ ላይ አለመውደቁ ደስ ብሎኛል።

ከምር ግን፣ ሎክ ሲበዛ እንዲህ ነው። ሁሉንም አንሺና ለጠቅላላ ላይብረሪው አንድ ትልቅ ሎክ አድርጊለት። ከዚያ እንቅልፍሽን ተኚ።

ጮቄ

ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል? መጀመሪያ ማስረጃ እንይ።

ጣና፣ ቀጥ ሲልብሽ እንዳትዘጊው። በጂዲቢ (በዲበገሩ) ተያያዢና የሁሉንም ትሬዶች ባክትሬስ (የትኛው ፈንክሽን ውስጥ እንዳሉ የሚያሳየውን ዝርዝር) አውጪ፣ የአንዱን ብቻ አይደለም። የሚወድቅበትንም እንዲሁ። ለእኔ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይመስሉኛል። መውደቁ ሬስ ነው (ትሬዶች አንድ ዳታ ላይ ሳይጠባበቁ ሲገናኙ)፣ ቀጥ ማለቱ ዴድሎክ (እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሲቀሩ)።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ። የግሊፍ አትላሱን፣ የፊደሎቹ ሥዕሎች (ግሊፎቹ) ተሰብስበው የሚቀመጡበትን ምስል ማለቴ ነው፣ ማን ማን ይነካዋል? የእንግሊዝኛውና የአማርኛው ልዩነት እዚያ ነው የሚታየኝ። የእንግሊዝኛው ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የእኛው 33 በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ዲቃላዎቹንና ቁጥሮቹን ሳንጨምር። ካርታው ላይ አራት የጽሑፍ መጠን ካለ 208 ለ924 ማለት ነው። እንግሊዝኛው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አትላሱ ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ከዚያ ወዲህ አትላሱ ላይ የሚጽፍ የለም፣ ሁሉም አንባቢ ነው። በአማርኛ ግን በየከተማው አዲስ ፊደል ይመጣል። በዚያ መንገድ «ጫ» እስከ ደምበጫ ድረስ ብቅ ላትል ትችላለች። ስለዚህ አንዱ እያነበበ ሌላው ይጽፋል።

ጣና_ዳር

ኧረ ልክ ነህ መሰለኝ! የወደቀበትን አወጣሁት። አንደኛው ሠራተኛ ትሬድ «ግሊፍ ጨምር» ውስጥ ነው፣ የግሊፎቹን ሃሽ ቴብል (ፈጥኖ መፈለጊያ ሰንጠረዥ) እያሰፋ። የሥዕል ትሬዱ በዚያው ቅጽበት «ግሊፍ አለ ወይ» ውስጥ ነው፤ የወደቀውም እሱ ነው።

«ግሊፍ ጨምር» ሎክ ይይዛል። «ግሊፍ አለ ወይ» አይይዝም። ከላዩ ኮሜንት አለው፦ «ማንበብ ብቻ ስለሆነ ሎክ አያስፈልግም፣ ለፍጥነት ነው» ይላል።

ሞጣ_ልጅ

ይቅርታ፣ ጀማሪ ነኝ። የሚጽፈው ሎክ ከያዘ የሚያነበው ምን ይሆናል? ማንበብ እኮ ምንም አይቀይርም።

መምህር_ከማርቆስ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይጠይቁኛል።

ሚውቴክስ፣ ማለትም ሎኩ፣ በራሱ ምንም ነገር አይጠብቅም። ከየትኛው ዳታ ጋር እንደሚሄድም አያውቅም። ዳታውን የሚነኩ ሁሉ ያንኑ ሚውቴክስ ለመያዝ ከተስማሙ ብቻ ነው የሚሠራው። አንዱ ይዞ ሌላው ካልያዘ የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ከፍቶ መተኛት ነው።

አሁን የጣናን ነገር እንየው። ሃሽ ቴብል ሲሞላ ራሱን ያሰፋል። አዲስ ሰፊ ድርድር ይይዛል፣ ንጥሎቹን ወደዚያ ያዛውራል፣ የድሮውን ይለቃል። አንባቢው በዚያች ቅጽበት የድሮውን ድርድር አድራሻ ይዞ ከሆነ የተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ይረግጣል። እሱ ምንም አልቀየረም፤ የቆመበት መሬት ግን ተቀይሯል። የሲፕላስፕላስ ስታንዳርድም ከ2011 ጀምሮ በግልጽ ደንግጎታል። ሁለት ትሬዶች አንድ ቦታ ሲነኩ፣ ቢያንስ አንዱ ሲጽፍ፣ በመካከላቸው ቅደም ተከተል የሚያስይዝ ነገር ከሌለ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ዋስትና የለም።

ሞጣ_ልጅ

አመሰግናለሁ መምህር። ዳታውን ቮላታይል በሚለው ቃል ምልክት ብናደርግበትስ አይበቃም? ጃቫ ስንማር እንደዚያ ነበር።

ጮቄ

የጃቫው ቮላታይልና የሲፕላስፕላሱ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። የጃቫው በትሬዶች መካከል ቅደም ተከተል ያስይዛል። የሲፕላስፕላሱ አያስይዝም። ደግሞም እዚህ ያለው አንድ ቁጥር ሳይሆን ሙሉ ሃሽ ቴብል ነው። ጃቫም ቢሆን ሃሽማፕን በቮላታይል አያድንልህም።

ነገረኛው_ከቡሬ

እሺ ትልቁን ሎክ አልወደዳችሁትም። ሼርድ ሚውቴክስ ይሁና! ሲፕላስፕላስ 17 ላይ አለ። አንባቢዎች አብረው ይገባሉ፣ ጸሐፊ ብቻውን ይገባል። ለእንዲህ ያለ ነገር አይደል የተሠራው?

ጮቄ

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ጣና፣ አትላሱ ሲሞላ የትኛውን ግሊፍ ነው የምታስወጡት?

ጣና_ዳር

ከሁሉ ቀድሞ የተረሳውን። እያንዳንዱ ግሊፍ ሲፈለግ ወደ ዝርዝሩ ጫፍ ይመጣል፣ ጭራ ላይ ያለው ይወጣል።

ጮቄ

አየህ ነገረኛው? መፈለጉ ራሱ ዝርዝሩን ይቀይራል። ስሙ «አለ ወይ» ይላል እንጂ ተግባሩ ጽሕፈት ነው። በሼርድ ሎክ ሁለት «አንባቢዎች» አብረው ቢገቡ ያንን ዝርዝር ሁለቱም ይበጣጥሱታል። እና ደግሞ ይሄ የሚያስቸግረው ሲዘገይ ነው፤ ዛሬ ተበጣጥሶ ከሰዓታት በኋላ ምንም የማያገናኘው ቦታ ላይ ይወድቃል። እዚህ ተራ ሚውቴክስ ይበቃል። የሚያዝበት ጊዜ አጭር ከሆነ ዋጋው ያን ያህል አይደለም።

ሌላው፣ «ግሊፍ ፈልግ» ምን ይመልሳል? ሪፈረንስ (ኮፒ ሳይሆን ወደ ዋናው የሚጠቁም) እንዳይሆን ብቻ።

ጣና_ዳር

ሪፈረንስ ነው የሚመልሰው።

ጮቄ

እንግዲያው ሎኩ ከፈንክሽኑ በር አያልፍም። ውስጥ ይያዛል፣ ሲመለስ ይለቀቃል፣ ሪፈረንሱ ግን ውጭ ይቀራል። በኋላ ሌላው ትሬድ ያንን ግሊፍ ቢያስወጣው የያዝሽው ነገር የለም። አራት ቁጥር ያለው ሬክታንግል ነው አይደል? ኮፒ አድርገሽ መልሺው። እዚህ ላይ ቁጠባ አይገባኝም።

ጣና_ዳር

ሁለቱንም አስተካከልኩ። መውደቁ ቀረ፣ እልል! ቀጥ ማለቱ ግን አለ። ባክትሬሱ እነሆ፣ በአማርኛ ላስረዳ።

የሥዕል ትሬዱ የቁራጭ ካሹን (የተነበቡት የካርታ ቁራጮች የሚቀመጡበትን) ሎክ ይዞ እየሳለ ነው። የከተማ ስም ሲደርስ የአትላሱን ሎክ ይጠብቃል። ሠራተኛው ትሬድ ደግሞ የአትላሱን ሎክ ይዟል። አትላሱ ስለሞላ ግሊፍ እያስወጣ ነው። ሲያስወጣ «ይሄ ግሊፍ ወጥቷል» የሚል ኮልባክ (ነገሩ ሲሆን እንዲጠራ ሌላው ክፍል የሰጠው ፈንክሽን) ይጠራል፤ ኮልባኩ ቁራጮቹ ላይ ምልክት ለማድረግ የካሹን ሎክ ይጠብቃል።

ነገረኛው_ከቡሬ

«አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንተ ቅደም» ሲባባሉ መሸባቸው።

ሪከርሲቭ ሚውቴክስ?

ጮቄ

አያድንም። ሪከርሲቭ የሚረዳው አንድ ትሬድ የራሱን ሎክ ደግሞ ሲይዝ ነው። እዚህ ሁለት ትሬዶች ናቸው፣ አንዱ የሚፈልገው ሎክ በሌላው እጅ። እኔ እንዲያውም ሪከርሲቭ ሚውቴክስ ሳይ እጠራጠራለሁ። ብዙ ጊዜ «ይህ ፈንክሽን ሎክ ተይዞ ነው የሚጠራው ወይስ ሳይያዝ?» የሚለውን ላለመመለስ የሚደረግ ነገር ነው።

መምህር_ከማርቆስ

ኮፍማንና ባልደረቦቹ በ1971 ባወጡት ጽሑፍ ለዴድሎክ አራት ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው ብለዋል። ነገሩ ለብቻ የሚያዝ መሆኑ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ፣ በግድ አለመነጠቅ፣ መጠባበቁ ክብ መሆኑ። አንዱን ብትሰብሪ ይበቃል። እዚህ በቀላሉ የሚሰበረው ክቡ ነው። ለሎኮች ደረጃ ስጪ። የካሹ መጀመሪያ፣ የአትላሱ ቀጥሎ፣ መቼም ወደ ኋላ የለም። የአትላሱን የያዘ ትሬድ የካሹን መጠየቅ ክልክል ይሁን።

ጣና_ዳር

መምህር፣ እንደዚያ ከሆነ ኮልባኩን ምን ላድርገው? እሱ እኮ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።

ጮቄ

ሎክ ይዘሽ የማታውቂውን ኮድ አትጥሪ። ኮልባክ ማለት የማታውቂው ኮድ ነው። የወጡትን ግሊፎች በዝርዝር ያዢ፣ የአትላሱን ሎክ ልቀቂ፣ ከዚያ ለካሹ ንገሪ።

ሰከላ

ክሩን ከጀመረ እያነበብኩ ነበር፤ አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። የጮቄ መፍትሔ ዴድሎኩን ይፈታል፣ ግን ቀዳዳ ይከፍታል። ሎኩ ተለቆ ካሹ እስኪሰማ ድረስ ትንሽ ጊዜ አለ። በዚያች ጊዜ የወጣው ግሊፍ ቦታ በሌላ ፊደል ይያዛል። የሥዕል ትሬዱ የድሮውን ሬክታንግል ይዞ ይስላል። «ደብረ ማርቆስ» ለአንድ ፍሬም «ደብረ ማርጫስ» ሆና ትታያለች። አይወድቅም፣ ግን ያሳፍራል።

እኔ ኮልባኩን ጭራሽ አጠፋው ነበር። አትላሱን በገጽ ክፈሉት። የሚወጣው ሙሉ ገጽ ይሁን። እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ይኑረው፤ ገጹ በተጠረገ ቁጥር ቁጥሩ ይጨምራል። ቁራጩ ስሞቹን ሲያዘጋጅ የተጠቀመባቸውን ገጾች ቁጥር ይመዘግባል። የሥዕል ትሬዱ ሲስል ያመሳክራል። ካልገጠመ የዚያን ቁራጭ ስም ይዘልና እንደገና ይዘጋጅ ብሎ ወረፋ ያስገባል። ማንም ለማንም መንገር አያስፈልገውም፣ ሎኮቹም አይደራረቡም።

በየፍሬሙ ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ። መጀመሪያ ያለቁትን ቁራጮች ተረከቡ፣ የካሹን ሎክ ልቀቁ። ቀጥሎ የአትላሱን ሎክ ይዛችሁ የተቀየረውን ክፍል ወደ ጂፒዩ ጫኑ፣ የገጾቹንም ቁጥር ቅዱ፣ ልቀቁ። ከዚያ ያለ ምንም ሎክ ሳሉ። ብትገለብጡት፣ አትላሱ ከተጫነ በኋላ የተዘጋጀ ቁራጭ ትረከባላችሁ። ፊደሉ ገና ጂፒዩ ላይ ስላልደረሰ በቦታው ባዶ ይታያል።

ጮቄ

ይሄ ከእኔው ይሻላል። የሰከላን ያዢ።

ነገረኛው_ከቡሬ

አንድ ትልቅ ሎክ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር እያልኩ ነው፣ ዝም ብዬ።

መምህር_ከማርቆስ

የነገረኛውን ሐሳብ አንናቀው። ሊነክስ ራሱ በ1996 በወጣው 2.0 ላይ ብዙ ፕሮሰሰር ሲደግፍ የተነሣው በአንድ ትልቅ ሎክ ነው። ያ ሎክ ጨርሶ የወጣው በ2011፣ በ2.6.39 ነው። ለጀማሪ ኮድ ትክክል ሆኖ መዘግየት፣ ፈጥኖ ከመሳሳት ይሻላል።

ሰከላ

በመርሕ እስማማለሁ መምህር። ለሥዕል ግን ከባድ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ከፈለግን ለአንዱ ያለን ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሠራተኛው ትልቁን ሎክ ይዞ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ቁራጭ ማንበብ ከጀመረ ያ ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካርታው በተጎተተ ቁጥር ይንገጫገጫል። ዲስኩን ከሎኩ ውጭ ላንብብ ስትል ደግሞ ሎኩን መክፈል ጀመርክ፤ ዞረህ እዚሁ ነህ።

ጣና፣ ቁራጭ ሲጠፋ ቴክስቸሩን (ጂፒዩ ላይ ያለውን ምስሉን) ማን ነው የሚሰርዘው?

ጣና_ዳር

የቁራጩ ዲስትራክተር (ሲጠፋ የሚጠራው ፈንክሽን)። በሼርድ ፖይንተር፣ ማለትም በጋራ፣ ስለሚያዝ የመጨረሻው ሰው ሲለቀው።

ሰከላ

ፈርቼው ነበር። የመጨረሻው ሰው ሠራተኛ ትሬድ ሊሆን ይችላል። የኦፕንጂኤል ኮንቴክስት (ትዕዛዞቹ የሚሠሩበት የሥዕል ሁኔታ) በአንድ ጊዜ የአንድ ትሬድ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው ደግሞ ኮንቴክስት የለውም። ኮንቴክስት በሌለበት ትሬድ ላይ የሰርዝ ትዕዛዝ ስትጠሪ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ ቴክስቸሩ ጂፒዩ ላይ ይቀራል። ሜሞሪው ቀስ እያለ ሲሞላ አላያችሁም?

ይሄን ሎክ ማብዛት አይፈታውም፤ ሥራው በትክክለኛው ትሬድ ላይ መሠራት አለበት። ዲስትራክተሩ የቴክስቸሩን ቁጥር «የሚሰረዙ» ዝርዝር ውስጥ ብቻ ያስቀምጥ። የሥዕል ትሬዱ ፍሬም ሲጀምር ሎክ ይዞ ዝርዝሩን በባዶ ይለዋወጥ፣ ሎኩን ይልቀቅ፣ ከዚያ ይሰርዝ። ለዚህ ዝርዝር የራሱ ትንሽ ሎክ ይኑረው፤ በደረጃው ከሁሉም መጨረሻ ይሁን። ዲስትራክተር ምን ሎክ ተይዞ ሳለ እንደሚጠራ አይታወቅምና።

ኦፕንጂኤልን ትተን ወደ ቩልካን (ሌላው የጂፒዩ መሳያ) እንዙር የሚል ቢመጣ ደግሞ፣ እዚያም የኮማንድ ፑልና የኪው ሎክ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው። ሸሽተሽ አታመልጪም።

ጣና_ዳር

ሜሞሪውስ ይሞላል፤ ካርታው ትልቅ ስለሆነ ነው እንል ነበር።

ሎኮቹን ሁሉ ስዘረዝር ሌላ ጉድ አገኘሁ። የፍሪታይፕ (የፎንት ላይብረሪው) ፌስ፣ ማለትም የተከፈተው ፎንት፣ አንድ ነው፣ ሠራተኞቹ ይጋሩታል። የፊደሉን ሥዕል የሚያወጣው ፈንክሽን «የፎንት ሎክ» ይይዛል። የፊደሉን ስፋት የሚለካው ግን የአትላሱን ሎክ ነው የሚይዘው።

ጮቄ

ይኸው! ከጠቅላላው የባሰው ይሄ ነው። ሎክ የጎደለው ኮድ ስታነቢው ይታያል። ይሄ ግን ሁለቱም ጋ ሎክ አለ፣ የሚገመግም ሰው አይቶ ያልፋል። ሎኮቹ የተለያዩ ስለሆኑ አይተያዩም፣ ሁለቱ ትሬዶች ጎን ለጎን ይገባሉ።

ፍሪታይፕ በዶክመንቱ ግልጽ ነው። አንድን ፌስ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ ይጠቀምበት ይላል። ቀላሉ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ላይብረሪ ኦብጀክትና የራሱን ፌስ መስጠት ነው። የፎንት ፋይሉን ባይቶች መጋራት ይቻላል፣ ስለማይለወጡ። ያኔ የፎንት ሎክ የሚባል ነገር ራሱ አያስፈልግም። የሌለ ሎክ አይሳሳትም።

አሁን ቁጭ ብለሽ የሚጋሩ ዳታዎችን ሁሉ ጻፊ። ከጎናቸው የሚጠብቃቸውን ሎክ አንድ ብቻ ጻፊ። ሁለት ሎክ የተጻፈለት ወይም ምንም ያልተጻፈለት ካለ ቀጣዩ ባግ እዚያ ነው። ዝርዝሩን ወረቀት ላይ አታስቀሪው፣ ለኮምፓይለሩ ስጪው። ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለር «ይህ ቫርያብል በዚህ ሎክ የሚጠበቅ ነው» የሚል ምልክት ይቀበላል። የትሬድ ደኅንነት ማስጠንቀቂያውን ስታበሪ፣ ሎክ ሳይይዝ የነካውን መስመር ቁጥር ጠቅሶ ይነግርሻል። የጂሲሲውን (የሌላውን ኮምፓይለር) ስታንዳርድ ላይብረሪ የምትጠቀሚ ከሆነ ግን የእሱ ሚውቴክስ ምልክቱ የለውም። በራስሽ ትንሽ ክላስ ጠቅልይው።

ሞጣ_ልጅ

ትሬድ ሳኒታይዘር የሚባለውስ? ያ አያገኝም?

ጮቄ

ያገኛል፤ ሁለቱንም ተጠቀሙ። ኮምፓይለሩ ሳይሮጥ ያያል፣ ሳኒታይዘሩ ሲሮጥ ያያል። የሎክ ቅደም ተከተል መገለባበጥንም ይናገራል፣ ዴድሎኩ ገና ሳይከሰት። ግን ከባድ ነው። ፍጥነቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት እጥፍ ይወርዳል፣ ሜሞሪው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ይጨምራል። በትንሽ ላፕቶፕ ሙሉ ጎጃምን ከፍተሽ አትሞክሪው።

ሰከላ

የጂፒዩ ድራይቨሩም የሐሰት ጩኸት ያበዛል፣ በሳኒታይዘሩ ስላልተሠራ። ሥዕሉን አውጥታችሁ አትላሱን፣ ካሹንና ሠራተኞቹን ብቻ የሚያሮጥ ቴስት ጻፉ። አትላሱን ደግሞ አሳንሱት፣ 64 በ64 ፒክስል በቂ ነው። ያኔ በየሚሊ ሰከንዱ ይሞላል፣ ገጽ ይጠረጋል። ደምበጫ እስክትደርሱ መጠበቅ ቀረ።

ጣና_ዳር

ቴስቱን በትንሹ አትላስ ሳሮጠው ወዲያው ጩኸት ሆነ። ከዝርዝሩ ያመለጠኝ አንድ ነገርም አገኘልን፤ «ሠራተኞች ይቁሙ» የሚለው ምልክት ተራ ቡል (የአዎ/አይደለም ቫርያብል) ነበር፣ አቶሚክ (ትሬዶች ያለ ሎክ በደኅና የሚጋሩት) አደረግነው። መሃል ላይ መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ቆምን። አሁን ሳኒታይዘሩ ዝም ብሏል። ክላንጉም ዝም ብሏል። የሰከላን የገጽ ቁጥር አስገብተን ሎክ ሳይያዝ ነው የሚሳለው። ከባሕር ዳር በሞጣ፣ በቢቸና አድርጌ ደጀን ወርጄ፣ በማርቆስ መንገድ ተመለስኩ፤ ሁሉም በቦታው።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ። አንዱ ባልደረባችን በዊንዶውስ ነው የሚሠራው፣ የማይክሮሶፍቱን ኮምፓይለር ይጠቀማል። ምልክቶቹን አያውቃቸውም፣ ኮምፓይል አያደርግለትም።

ጮቄ

ምልክቶቹን በማክሮ ጠቅልያቸው። ኮምፓይለሩ ክላንግ ሲሆን ምልክቱን ያውጣ፣ ሌላ ሲሆን ባዶ ይሁን። እሱ እንዳለ ይሥራ። ኮዱ ከመግባቱ በፊት ግን ሰርቨራችሁ ላይ በክላንግ አንዴ ይለፍ፤ ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት ቀይሩት፣ ማንም ዘሎ እንዳያልፈው።

ነገረኛው_ከቡሬ

ቡሬን ዘለሻት እንዴ? በዚያ በኩል ስትመለሺ ትልቁን ዙም አድርገሽ ፎቶ ላኪ።

ጣና_ዳር

ልኬያለሁ፣ ከፓቹ ጋር ተያይዟል። ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ፤ ጊዜ ያለው ሰው የገጽ ቁጥር ማመሳከሪያውን ቢያይልኝ።

ሰከላ

እኔ አየዋለሁ።